«ጋሼ፣ ስንት ዓሣ ልግደል?»

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ደወለችልኝ። የመመረቂያ ሥራዋ የጣና ሐይቅ ዓሣ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ስንት ዓሣ ልግደል?» አለችኝ፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ልግዛ እንደሚል ሰው በቀላሉ። ምሳ ላይ ነኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ውሸቴን ነው፣ በልቼ ጨርሼ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመጣብኝ የ1986 ነሐሴ ነው።

ግልገል ዓባይ ጣና የሚገባበት አፍ ላይ ነበርን። ዝናቡ ሲያባራ ትንኙ ይመጣል፣ ትንኙ ሲሄድ ዝናቡ። ብዙ ነጭ ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ገባሮቹ ሄዶ ጠጠር ላይ ዕንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ በዚያ ወር መረብ የጣለ ባዶ እጁን አይመለስም። እኛ ለጥናት እንድንይዝ የታዘዝነው 60 ዓሣ ነበር። ጠዋት መረቡን ስንስብ ሁለት መቶ ያህል ሆነ። እኔ ወጣት ነኝ፣ አለቃዬን ላስደስት ፈልጌያለሁ፣ ከመጣ አይቀር ብዬ ሁሉንም ወሰድኩ። ብዙዎቹ ዕንቁላል የያዙ እናቶች ነበሩ፣ ሆዳቸው ተወጥሯል። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ገና እየተከፈተ እየተዘጋ፣ በሕይወት እያሉ፣ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን ያለበት በርሜል ውስጥ ከተትኳቸው። ክዳኑን ከውስጥ ይመቱት ጀመር። እንዳይከፈት ብዬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩና ማስታወሻዬን መጻፍ ቀጠልኩ። ክዳኑ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ እስኪያቆም ድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አልጻፍኩም። ሌላውን ሁሉ፣ የውሃውን ሙቀት ሳይቀር፣ ጽፌያለሁ።

አንድ አዛውንት የደንገል ታንኳቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ የሚበላ ስንት ቤተሰብ አለህ?» አሉኝ። ለጥናት ነው አባባ አልኳቸው። «ለጥናትማ አንዱ ይበቃ የለ? ሁሉም ያው ነጭ ዓሣ ነው።» ሳቅሁባቸው። በአንድ በኩል ልክ አልነበሩም፣ ያው አይደለም። ጣና ውስጥ ከሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ወደ 15 የሚሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ ስምንቱ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር ሌላ ዓሣ ይበላሉ። እኔ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንደዚያ ያደረግኩት። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?

የባሰው ኋላ መጣ። መለያ ወረቀቶቹን በተራ እስክሪብቶ ጽፌ ስለነበር ፎርማሊኑ ቀለሙን አጠበው። የትኛው ዓሣ በየትኛው ቀን እንደተያዘ አይታወቅም። ከሁለት መቶው ለሥራ የዋለው 70 ቢሆን ነው። ሪፖርቱ ላይም የጻፍኩት «70 ዓሣ ተመርምሯል» የሚል ነው። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

በኋላ የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ሲለኩት የነጭ ዓሣው ጠቅላላ ክብደት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በሦስት አራተኛ ቀንሶ አገኙት። ዋናው ጥፋት የኔ በርሜል አይደለም፣ ወንዝ አፍ ላይ የሚጣለው የአስጋሪው መረብ ነው። ግን የኔም መረብ እዚያው ነበር።

ልጅ ሆነን ሜጫ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ጅረት ውስጥ እንበትን ነበር። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ እኛ ትልልቁን ለቅመን ጫጩቱን ለውሃው እንተወዋለን። ብርብራ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፣ በስንጥብ ገብቶ ሰውነቱ ኦክስጅኑን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። አባቴ ሲደርስብን በአርጩሜ ገረፈን። «ያልፈለጋችሁትን ለምን ገደላችሁ?» ነበር ያለው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስንት ዓመት ስማር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አስተማሪ የለም።

እንስሳ ላይ ምርምር ለሚያደርግ ሰው ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ጽፈውታል፦ በሌላ መተካት ከቻልክ ተካ፣ ካልሆነ ቁጥሩን ቀንስ፣ እሱም ካልሆነ ሥቃዩን አሳንስ። እኔ ያነበብኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ዓሣ አያመውም ለሚል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ስኮትላንድ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ ከንፈሩ ላይ አሲድ ወጉት፣ መብላቱን አቁሞ ከንፈሩን ጠጠር ላይ ያሽ ጀመር። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ክዳን ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ትቸኩላላችሁ። ሐይቁን ሳታዩ ሠንጠረዡን ትሠራላችሁ፣ ዓሣውን በስልክ ፎቶ ነው የምታውቁት። ቆይ፣ ይህን ማለት አልነበረብኝም። እኛ ሐይቁ ዳር አድረን ምን ሠራን? ይቺ ልጅ ቢያንስ መረብ ሳትጥል ጠየቀች።

በማግሥቱ ደወልኩላት። ስንት እንደሚበቃሽ ከስታቲስቲክስ ሰው ጋር ተቀምጠሽ አስልዪ፣ በስህተት የሚያዘውንም ቆጥረሽ ጻፊ አልኳት። ለዘረመል ከሆነ ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ቆርጠሽ ልቀቂው፣ ስትይዢው እጅሽ እርጥብ ይሁን፣ ደረቅ እጅ ልፋጩን ይገፈዋል። መግደል ግድ ከሆነ የቅርንፉድ ዘይት አለ፣ በአልኮል አሟሙተሽ ውሃው ውስጥ ትጨምሪዋለሽ፣ ዓሣው ይተኛል፣ ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ትተዪዋለሽ። ፎርማሊን ከዚያ በኋላ ነው። መለያውን በእርሳስ ጻፊ።

«እሺ ጋሼ፣ ግን ስንት?» አለችኝ እንደገና።

መጀመሪያ ባሕር ዳር አስጋሪዎቹ ዓሣ ወደሚያወርዱበት ሂጂ አልኳት። ጠዋት ሆድ ዕቃውን አውጥተው ይጥሉታል፣ ዕንቁላሉም አብሮ ይጣላል። ዓሣውን ሳይከፍቱት መዝኚ፣ ለኪ፣ ሆድ ዕቃውን ለምነሽ ውሰጂ። ምናልባት አንድም መግደል አይኖርብሽም።

ትንሽ ዝም አለችና «ሽታውስ ጋሼ?» አለችኝ።

ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን ተባብለናል። ሁለት ጓንት ገዝቻለሁ።