ሦስት ዓመት ያልለቀቀ ሳይነስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የ36 ዓመት መምህርት ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አፍንጫዬ ታፍኖ፣ ጉንጬና የዓይኔ ሥር እንደ ድንጋይ ከብዶኝ እኖራለሁ። ወፍራም ንፍጥ ወደ ጉሮሮዬ ስለሚወርድ ጉሮሮዬን ሳልጠራርግ አንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር አልችልም። ከሁሉ የከፋኝ ቡና ሲቆላ ሽታው አለመምጣቱ ነው። «ሳይነስ ነው» ተብዬ አምስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ፤ በወሰድኩ ቁጥር ለሳምንት ሻል ይለኝና ይመለሳል። ማታ ማታ ያለ አፍንጫ ጠብታ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ከጀመርኩትም ስምንት ወር አልፎኛል። ጎረቤቶቼ «ብርድ ነው፣ ዳማከሴ ጨምቀሽ ሳቢው» ይሉኛል፤ አንድ ሐኪም ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግሽ ይችላል ብለውኛል። ሕመሙ የማይለቀኝ ለምንድን ነው? ቀዶ ሕክምናውስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሐኪም ጆሮውን የሚቀስርበት ነገር የቡናው ሽታ ነው። ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመም የሚባለው የአፍንጫ መታፈን፣ ወፍራም ንፍጥ፣ የፊት ሕመም ወይም ክብደት፣ የማሽተት አቅም መቀነስ ከሚባሉት አራት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ፣ ከሁለቱም አንዱ መታፈን ወይም ንፍጥ ሆኖ፣ ለ12 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሲቆዩ ነው። እርስዎ አራቱም አለብዎት። ይሁን እንጂ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ከአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን መመልከቻ አፍንጫዎን ውስጡን ማየት ወይም ሲቲ ስካን ማዘዝ አለበት። አምስት ጊዜ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ይህ ተደርጎ ከሆነ በደብዳቤዎ አልጠቀሱትም፤ አለመደረጉን እጠረጥራለሁ።

ሕመሙ የማይለቅበትን ምክንያት ለመረዳት የቦታውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። እኛ የበሽታ ስም ያደረግነው ሳይነስ በጉንጭ አጥንት፣ በግንባር፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከዚያ ጀርባ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚገኙ አየር ያለባቸው ክፍት ቦታዎች መጠሪያ ነው። ውስጣቸውን የለበሰው ስስ ሽፋን ዘወትር ንፍጥ ያመነጫል፤ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮችም ያንን ንፍጥ ወደ ጠባቧ መውጫ ይጠርጉታል። የጉንጩ ሳይነስ መውጫ የሚገኘው ከላይ በኩል እንጂ ከወለሉ አይደለም፤ ስለዚህ ንፍጡ ሽቅብ መጠረግ አለበት። በአለርጂ፣ በጭስ ወይም በሌላ ምክንያት ሽፋኑ ሲያብጥ መውጫዋ ትዘጋለች፣ ንፍጡ ይታቆራል፣ የታቆረውም በተራው ሽፋኑን የበለጠ ያስቆጣዋል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ያበጠን ሽፋን ለዘለቄታው አያሟሽሽም፤ የሳምንቷ እፎይታ ያለፈችው በዚህ ምክንያት ነው። ስድስተኛውን ዙር ያለ ምርመራ እንዲጀምሩ አልመክርዎትም።

ስለ ጠብታው በግልጽ ልንገርዎት። ወዲያው የሚከፍቱት የአፍንጫ ጠብታዎች የደም ሥሮችን በማጥበብ የሚሠሩ ስለሆኑ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በላይ ሲወሰዱ የመድኃኒቱ ኃይል ባለቀ ቁጥር አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ያብጣል። ማታ የሚያፍንዎት ነገር በከፊል ጠብታው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ጊዜ መተው ከከበደዎ መጀመሪያ በአንደኛው ቀዳዳ ያቁሙ፤ ያ ሲከፈት ሌላኛውን ያስከትሉ። አንድ ሁለት ሳምንት ይቸገራሉ፤ ከዚያ ይቀልልዎታል።

የሕክምናው መሠረት ሁለት ተራ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ውሃው ግን በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ መሆን የለበትም፤ በአፍንጫ ሲገባ ወደ አንጎል ሊዘልቅ የሚችል፣ እምብዛም ባያጋጥምም ገዳይ የሆነ፣ አሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አለ። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ለብ እስኪልም ይጠብቁ። ጎንበስ ብለው፣ አፍዎን ከፍተው፣ በአንዱ ቀዳዳ አስገብተው በሌላው ያውጡት። ዕቃውንም በየጊዜው አጥበው ያድርቁት።

ሁለተኛው ሐኪም የሚያዝልዎት፣ የሽፋኑን እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ ስፕሬይ (አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት) ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ነገር ግን መጠኑ ትንሽ ሆኖ ሥራው በአብዛኛው አፍንጫ ውስጥ የሚያበቃ ስለሆነ ከሚዋጠው ጋር አይነጻጸርም። «ሞክሬው አልሠራም» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የተጠቀሙት ለአንድ ሳምንት ነው፤ ወይም ወደ መሐል አጥንቱ ስለረጩት ደም አስነስቶባቸው ትተውታል። ከታጠቡ በኋላ ጥቂት ቆይተው፣ አንገትዎን በትንሹ ደፍተው፣ በቀኝ እጅዎ ወደ ግራ ቀዳዳ፣ በግራዎ ወደ ቀኝ፣ አፈሙዙን ወደ ጆሮ አቅጣጫ አዙረው ይርጩ፤ አጥብቀው አይሳቡት። ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት በየቀኑ እየተጠቀሙ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይጠብቁ።

ዳማከሴውን በተመለከተ ጎረቤቶችዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ሆኖም ያልተጣራ የቅጠል ጭማቂ በተቆጣ ሽፋን ላይ ማፍሰስ ጉዳቱ ያመዝናል። እንፋሎት ለጊዜው ያቀልላል፣ ነገር ግን የፈላ ውሃ ላይ ተሸፍነው ሲታጠኑ የተቃጠሉ ሰዎች አሉ። ብርድ በራሱ ይህን አያመጣም። ይልቅ በተዘጋ ቤት የሚጨስ ዕጣንና የከሰል ጭስ ካለ መስኮት ይከፈት።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሕክምና ነው፤ ተራው ግን ገና ነው። በኦስትሪያዋ ግራትስ የሠሩት ሐኪም ቫልተር መሰርክሊንገር ንፍጥ ሁልጊዜ ወደ ተፈጥሯዊ መውጫው እንደሚጠረግ አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሐኪሞች አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ይልቅ በመመልከቻ እየተረዱ ያችኑ መውጫ ማስፋት ያዙ። የሚሰፋው መንገዱ ነው፤ ሽፋኑ የሚያብጥበት ጠባይ ግን ይቀራል። ስለዚህ እጥበቱና ስፕሬዩ ከዚያም በኋላ ይቀጥላሉ፤ በተለይ ፖሊፕ የሚባለው የአፍንጫ ውስጥ እባጭ ካለ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ሽታ ማጣትዎም ፖሊፕ ያስጠረጥራል። አስም ካለብዎ፣ ወይም አስፕሪንና መሰል ማስታገሻ ሲወስዱ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ንፍጡ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የላይኛው መንጋጋ ጥርስዎ ይታይ። የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ኃይለኛ ራስ ምታትና የአንገት መገተር ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ግንባሬን በአንድ ወገን ይወቅረኛል፤ ብርሃን ያስጠላኛል፣ ያጥወለውለኛል፣ አፍንጫዬም ቀጭን ውሃ ያወጣል። በማግስቱ ደህና እሆናለሁ። የሳይነስ መድኃኒት ሁሉ አልሠራልኝም።

መልስ፦ የገለጹልን ሕመም ከሳይነስ ይልቅ ማይግሬን የሚባለውን እየተመላለሰ የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት ይመስላል። ማይግሬን አፍንጫንም ዓይንንም ስለሚያስለቅስ ያሳስታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብን» ካሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች 88 በመቶው የማይግሬንን መስፈርት አሟልተው ተገኝተዋል። ለሁለት ወር ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደበሉና ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ የወሰዱትንም ማስታገሻ በደብተር ይመዝግቡና ይዘው ወደ ሐኪም ይቅረቡ።