በዚህ ዕድሜዬ እርግብ ማርባቴ ነውር ነው ወይ?

የተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፦

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ የ67 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኜ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ እስከ አሰብ፣ ጦርነቱ ከተነሣበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እስከ ጅቡቲ ወደብ ስመላለስ፣ ከዕድሜዬ የሚበዛውን በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ መንገድ ላይ ጨርሼዋለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። አንዲት ልጅ አለችን፤ የምትኖረው አሜሪካ ነው።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሆንኩትን ለመናገር እቸገራለሁ። ጠዋት የሚያስነሣኝ ጉዳይ ስላልነበረ እስከ ረፋድ እተኛ ነበር። የስኳር መድኃኒቴን አንድ ቀን ብወስድ ሁለት ቀን እረሳዋለሁ፤ ጎረቤት አዝኖ የላከልኝ ምግብ ሳይነካ ያድራል። የእድር ጥሪ ካልሆነ በቀር ከግቢዬ አልወጣም ነበር። ጓደኞቼ «በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህም?» ይሉኛል፤ ግን ምን ላይ እንደምበረታ የነገረኝ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ የ14 ዓመት የሰፈራችን ልጅ በሬን አንኳኳ። እሱና እናቱ ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት ባለቤት «ወይ እርግቦቹ ይውጡ፣ ወይ እናንተ ውጡ» ብሏቸው ኖሮ፣ ስድስት እርግቦች በካርቶን ይዞ «አባባ፣ ለጊዜው እርስዎ ግቢ ላስቀምጣቸው?» ሲል ለመነኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም። ያ «ለጊዜው» የተባለው ነገር ይኸው ዓመት አለፈው፤ ስድስቱም አሁን አሥራ ስምንት ሆነዋል።

ሽለምጥማጥ እንዳይደርስባቸው ከአሮጌ ጣውላ ከፍ ያለ ቤት ሠራሁላቸው፤ ፊቱን በወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽላና ስንዴ ካላገኙ የበሩን ጣውላ ስለሚመቱት እነሣለሁ። መድኃኒቴን የምወስደው ለእነርሱ እህል በምሰጥበት ሰዓት ስለሆነ መርሳት ቀርቷል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይመጣል፤ በረንዳዬ ላይ የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ ውኃ ቀይሮላቸው፣ ከእኔ ጋር ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል።

ከሁሉ የገረመኝ ወንዱ እርግብ ነው። ረፋድ ላይ መጥቶ ሴቷን ከእንቁላሉ ላይ ያስነሣትና እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ራሱ ታቅፎ ይውላል። እኔ ልጄ ስትወለድ ጋላፊ ላይ ነበርኩ፤ ጥርስ ስታበቅልም፣ ስትራመድም መንገድ ላይ ነበርኩ። ያንን ወንድ እርግብ ባየሁት ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

ሌላም አለ። ልጁ እርግቦቹ ከሩቅ ወደ ቤት መመለስ እንዲለምዱ ቀስ በቀስ እያራቀ መልቀቅ ጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ ከሳሪስ፣ ቀጥሎ ከቃሊቲ፣ ከዚያም ከዱከም ለቀቃቸው። አንድ ቀን የቀድሞ ረዳቴ፣ ዛሬ ራሱ ሾፌር የሆነው፣ አንዲቱን በቅርጫት ይዞልን ሄደና ቢሾፍቱ ላይ ለቀቃት። «ለቅቄያታለሁ» ብሎ ከደወለ ጊዜ ጀምሮ በግቢዬ ወንበር አውጥቼ ሰማይ ሰማይ ሳይ ቆየሁ። ደመና ነበር። አንድ ሰዓት አልፎ ስትዘገይብኝ ሆዴ ተላወሰ፤ ጭልፊት በላት ይሆን፣ መንገድ ጠፋት ይሆን እያልኩ ቁጭ ብድግ አልኩ። በመጨረሻ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ በላይ ብቅ ብላ፣ አንድ ጊዜ ዞራ ጣሪያዬ ላይ ስታርፍ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለቤቴ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የመኪናዬን ክላክስ ስትጠብቅ ምን ይሰማት እንደነበር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ያወቅሁት ደግሞ ልነግራት በማልችልበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ችግሬ ይህ ነው። ልጄ በስልክ በተገናኘን ቁጥር «አባዬ፣ ይህ የጎረምሳ ሥራ ነው፤ ሰው ምን ይላል? ደግሞም ለጤናህ ጥሩ አይደለም፣ ሽጣቸው» ትለኛለች። በእድራችንም አንድ የዕድሜ እኩያዬ በሰው ፊት ተመሳሳይ ነገር ተናግሮኛል። ከልጄ ጋር የምናወራው ነገር ሁሉ ጭቅጭቅ ሆኗል። ከእርስዎም አልደብቅም፤ ቤታቸውን በጠረግሁ ቀን፣ ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ደረቅ ሳል ይነሣብኛል፣ ደረቴም ይጨንቀኛል። በማግስቱ ይተወኛል። ይህንን ለልጄ አልነገርኳትም። ምን ይመክሩኛል?

ጡረተኛው ሾፌር፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

የተከበሩ አባታችን፦

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ በአጭሩ ካለፉት ነገር ልጀምር፤ እርሱ ቀጠሮ የማይሰጠው ጉዳይ ነውና።

የእርግብ ላባ የሚያራግፈው ነጭ ብናኝና የደረቀ ኩስ አቧራ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሳንባን የሚያስቆጣ የታወቀ ሕመም ያመጣል። ምልክቱም እርስዎ የጻፉት ዓይነት ነው፤ አቧራው ከተነፈሰ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የደረት መጨነቅ ይመጣል፤ በማግስቱ ይሻላል፤ እንደገና ሲጠርጉ እንደገና ይመለሳል። በመሻሉ ብዙዎች ይዘናጋሉ። ነገር ግን ለዓመታት ከተደጋገመ በሳንባ ላይ የማይሽር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሲሄዱም «እርግብ አረባለሁ፣ ሕመሙም ቤታቸውን በጠረግሁ ማታ ይነሣብኛል» ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ይህን ካልነገሩት ሐኪሙ ነገሩን እንደ ጉንፋን ወይም እንደ ሌላ የሳንባ በሽታ ሊያየው ይችላል። የስኳር ሕመም እንዳለብዎም ይጨምሩ፤ በስኳር የተዳከመ ሰውነት ከወፎች ኩስ ለሚመጡ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችም ይበልጥ ሊጋለጥ ይችላልና።

ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ወደ እርግቦቹ ቤት ውስጥ አይግቡ። ልጁ የሚያጸዳ ከሆነ የእርሱም ሳንባ የሰው ሳንባ ነውና አፍና አፍንጫውን በደንብ በሚገጥም ማስክ ይሸፍን፤ በሩን ከፍቶ፣ ኩሱን በውኃ አርጥቦ ይፋቀው እንጂ በደረቁ በመጥረጊያ አይጥረገው። የጽዳት ልብስ ለብቻው ይሁን፤ ወደ መኝታ ቤት አይግባ። አሥራ ስምንት እርግብም ለአንድ ግቢ ብዙ ነው። እርግብ አንድ ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ቢሆንም ከዓመት እስከ ዓመት መላልሳ ስለምትፈለፍል ቁጥሩ ሳይታወቅ ያድጋል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች እንቁላሉን አንሥተው በምትኩ ከእንጨት የተሠራ ያስቀምጡላቸዋል፤ ጥንዶቹ ያንን ታቅፈው ይቆዩና ይተዉታል። ቁጥሩ ሲቀንስ አቧራውም፣ ከጎረቤት ጋር ሊነሣ የሚችለው ቅሬታም ይቀንሳል።

ሐኪሙ «ሳንባዎ በእርግቦቹ ምክንያት ተቆጥቷልና ይራቁ» ካለዎትስ? ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እውነቱን መናገር ይገባኛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ማስክ ብቻውን ላይበቃ ይችላልና ትእዛዙን መፈጸም አለብዎት። ይሁን እንጂ እንዳይሸጧቸው እመክራለሁ። ልጁ ከሚያውቃቸው አርቢዎች ለአንዱ ቢሰጥ ይሻላል፤ ለዚህም ልጁ ራሱ ይወስን፣ በመጀመሪያም የእርሱ ነበሩና። ተቀባዩ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ ያደጉት እርግቦች የእርስዎን ጣሪያ በቀላሉ አይረሱም፤ ከተለቀቁ ተመልሰው እርስዎ ዘንድ የመምጣታቸው ነገር ሰፊ ነው። ስለዚህ እነርሱን ዘግቶ ይይዛቸዋል፤ አዲሱን ቤት ቤቴ ብለው የሚያውቁት በዚያ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ናቸው። በዚያን ጊዜም ከበረንዳዎ የቤት ሥራ የሚሠራው ልጅ አይቀርም። ሻዩን አያስቀሩበት።

አሁን ወደ ነውሩ ጥያቄ ልምጣ። እርግብ ማርባት የጎረምሳ ሥራ ነው የሚለው ሐሳብ ከሰፈራችን ልማድ የመጣ ነው፤ በአብዛኛው ጣሪያ ላይ ሲወጡ የምናያቸው ልጆች ስለሆኑ ነው። በካይሮ ግን በጣሪያዎች ላይ እንደ ማማ ከፍ ብለው የሚታዩትን የእንጨት የእርግብ ቤቶች የሚሠሩትና የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቻርለስ ዳርዊን እርግብ ማርባት ሲጀምር በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የልጆች አባትና የተከበረ ሊቅ ነበር፤ በለንደን ከነበሩት የእርግብ አርቢዎች ክበቦች ሁለቱን ተቀላቅሎ ከተራ ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ ስለ ላባና ስለ ምንቃር ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ባወጣው ታላቅ መጽሐፉም የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰፊ ክፍል ለእርግብ ሰጥቶታል። በቤልጅየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 አንዲት የውድድር እርግብ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጣለች። ይህን የምነግርዎ ለገንዘቡ አይደለም፤ የእድር ባልደረባዎ ልጅነት ብሎ የናቀው ሥራ በሌላ አገር የአዋቂ ሰው ሙያ ተደርጎ እንደሚታይ ላሳይዎ ብዬ ነው።

ሾፌር ስለሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አላልፍም። እርግብ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ፀሐይን፣ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይልና ሽታን ተጠቅማ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲጠና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእርግቦች ጀርባ ላይ ትንንሽ የጂፒኤስ መሣሪያዎች አስረው ሲከታተሉ፣ አካባቢውን የለመዱት እርግቦች ብዙ ጊዜ አውራ ጎዳናውን ተከትለው እንደሚበሩ፣ አንዳንዶቹም መንገዱ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እንደሚታጠፉ አገኙ። የእርስዎም እርግብ ከቢሾፍቱ ስትነሣ ያንን እርስዎ ስንት ጊዜ የተመላለሱበትን የደብረ ዘይት መንገድ ከላይ ሆና ተከትላው ሊሆን ይችላል።

እርግቦቹ ሐዘንዎን አልወሰዱልዎትም፤ እንዲወስዱትም መጠበቅ አይገባም። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። ሰዓት ሰጥተዎታል። እህል የሚጠብቅ አፍ ሲኖር ሰው «በርታ» ሳይባል ይነሣል፤ ጓደኞችዎ በቃል ሊሰጡዎት ያልቻሉት ይህንን ነው። ወንዱ እርግብም ታቃፊ ብቻ አይደለም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እናትየዋ ብቻ ሳትሆን አባትየውም በጎሮሮው ሥር ባለው የእህል ከረጢት ወተት መሰል ምግብ ያዘጋጅና ያጎርሳቸዋል፤ ከወፎች ሁሉ ይህን የሚያደርጉት በጣም ጥቂቶች ናቸው። እርስዎ ግን ራስዎን ከእርሱ ጋር ሲያስተያዩ አንድ ነገር አይርሱ፦ በጋላፊ በረሃ ሲነዱ የነበረው ለዚያች ሕፃን ጉርሻ ነው። አለመኖርዎ ጎድሎባት ሊሆን ይችላል፤ ያም እውነት ነው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የምትጨቃጨቀው ስለ እርግብ አይመስለኝም። እናቷን ያጣች፣ አባቷን ባሕር ማዶ ሆና የምትጠብቅ ልጅ ናት። «ሰው ምን ይላል» የሚለውን ቃል የምታስቀድመው «አንተንም እንዳላጣህ እፈራለሁ» ማለት ከብዷት ሊሆን ይችላል። በጤናዎ ጉዳይ ደግሞ ሳታውቅ ልክ ሆናለች፤ እርስዎም የማታውን ሳል ደብቀዋታል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደዋወሉ ክርክሩን ይተዉና በመጀመሪያ ስለ ሳሉ እውነቱን ይንገሯት፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበትንም ቀን ይንገሯት። ጠዋት መድኃኒትዎን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱና ለምን እንደማይረሱትም አያስቀሩባት፤ ይህን እስካሁን የሰማች አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ስለ ቢሾፍቱዋ እርግብ ይንገሯት፤ ለእኔ እንደጻፉልኝ አድርገው፣ ከደመናው ጀምረው። ለባለቤትዎ ልነግራት አልችልም ያሉትን የሚሰማ ሌላ ሰው አለና። እናቷ ክላክስዎን ስትጠብቅ በእነዚያ ማታዎች አጠገቧ የነበረችው ልጅዎ ናት፤ እርስዎ ያላዩትን ወገን ልትነግርዎ ትችላለች።