የፑዪ ወንድምና ቤተሰቡ ምን ሆኑ? (መልስ)

የመጨረሻው የቻይና ንጉሠ ነገሥት የፑዪ ታናሽ ወንድምና ቤተሰቡ ምን ሆኑ ብለህ ለጠየቅከው፦ የወንድሙ ስም ፑጂዬ ነው፤ በ1907 እ.ኤ.አ. ተወለደ።

ልጅ ሳሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን ፑዪ የወንድሙን የእጅጌ ገበር አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ገበሩ ቢጫ ነበር! ያ ቀለም የንጉሡ ብቻ ነዋ። ፑጂዬ ወዲያው ጨዋታውን ትቶ እንደ አሽከር ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፑጂዬ በ1937 ጃፓናዊቷን የመኳንንት ልጅ ሂሮ ሳጋን አገባ። ጋብቻውን የጠነሰሰው የጃፓን ጦር ነው። እነሱ ግን ከልብ ተዋደዱ፤ ሁለት ሴት ልጆችም ወለዱ። በ1945 ጃፓን በጦርነቱ ስትሸነፍ ፑጂዬን ሶቪየቶች ማረኩት። ከዚያ እስከ 1960 እስር ነው።

እኔን አንጀቴን የሚበላኝ የትልቋ ልጅ የሁዪሼንግ ነገር ነው። ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ለዡ ኤንላይ ራሷ በቻይንኛ ጽፋ፣ ከአባቷ ጋር ደብዳቤ እንድትጻጻፍ አስፈቀደች። በ1957 ግን ገና በ19 ዓመቷ ሞተች። አባቷ መርዶውን የሰማው እስር ቤት ሆኖ ነው።

ሂሮ በ1961 ከጃፓን ወደ ቻይና ተመልሳ ተቀላቀለችው። በ1987 እስክትሞት ድረስ ቤይጂንግ አብረው ኖሩ። እሱም በ1994 አረፈ። ታናሿ ልጅ ትዳር የመሠረተችው ጃፓን ነው።