ውሻችን እስከ የት ይግባ? ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ውሻ አስሮ ካፌና ሱቅ ይዞ የሚገባ ወጣት በዝቷል። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡት እነሆ።

ጥ፦ ዶክተር፣ ቡችላዬን ይዤ ስገባ ባለሱቁ «አውጣው!» ብሎ ጮኸብኝ። መብቱ ነው?

መ፦ ነው እንጂ፤ ሱቁ የእሱ ነው። መጮኹ ቢቀር ይሻል ነበር። የእኛን ሱቅ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ የምስሩ ማዳበሪያ አፉ ተከፍቶ መሬት ላይ፣ ዳቦው በቅርጫት ከጉልበት በታች። የውሻህ አፍንጫ ልክ እዚያ ይደርሳል። ለጓደኛህ አስይዝና ግባ።

ጥ፦ ውጭ አገር እኮ የትም ይገባል!

መ፦ ሁሉም ቦታ አይገባም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሱቅና ምግብ ቤት የሚያስገባው የሠለጠነ አጋዥ ውሻን ነው፤ ለምሳሌ ዓይነ ስውር የሚመራውን። ያ ውሻ ሥራ ላይ ነው። ለእሱ እዚህም በሩ ቢከፈት ደስ ይለኛል። ለሌላው ግን፣ ምን አገባት ውሻ ከእርሻ!

ጥ፦ ልጄን የጎረቤት ውሻ ሱቅ በር ላይ ነከስ አድርጎታል። ውሻው ጤነኛ ይመስላል። ልተወው?

መ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ጠበሉም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን አይቅር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። «ጤነኛ ይመስላል» የሚሉት ነገር ነው ብዙውን የሚያሳስተው። ያበደ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል! እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ውሻውን ያላስከተበ ሰው የካፌውን ነገር ባያነሳው ይሻላል።

ጥ፦ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያንዣብቡትስ?

መ፦ እዚያ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስታዩ ለውሻ አትጣሉ። ውስጡ ያለው የትል እጭ ውሻው አንጀት ገብቶ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በምግብና በእጅ ወደ ሰው ይዞራል። በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ጥ፦ እኔ መንዝ ነኝ። እኛ ጋ ካፌ የሚገባ ውሻ የለም፣ ሜዳው ሰፊ ነው።

መ፦ ሜዳው ጓሳ፣ ያ የመንዙ ጥብቅ ሥፍራ ከሆነ፣ እሱም ባለቤት አለው፤ ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረውም በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። እብደትም ሆነ ሌላ ተላላፊ በሽታ የሚያመጣበት ያልተከተበ ውሻ ነው። አስከትበው፣ ቤት አካባቢም ያዘው።

ጥ፦ ቤተ ክርስቲያንስ?

መ፦ ይህን እንኳ እኔን አትጠይቁኝ።

ጥ፦ ሚኒባስ ላይ ይዤው ብሳፈርስ?

መ፦ ረዳቱንም፣ አጠገብህ የሚቀመጠውንም አስቀድመህ ጠይቅ። ትንሽ ከሆነ በካርቶን ያዘው። ትልቅ ከሆነ አፉን እሰርና ባጃጅ ኮንትራት ያዝ።