የእንፋሎት ማሞቂያ ስፋት ሲሰላ የሙቀት ልዩነቱ አማካይ እንዴት ይያዛል?

ከኮምቦልቻ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በሰዓት 2,000 ሊትር የማቅለሚያ ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ባለቱቦ ማሞቂያ ላሠራ ነው። የቦይለሩ የግፊት መለኪያ (ጌጅ) 1 ባር ስለሚያሳይ እንፋሎቱን 120 ዲግሪ አድርጌ ያዝኩ። በመግቢያው ያለውን የ100 ልዩነትና በመውጫው ያለውን የ30 ልዩነት ደምሬ ለሁለት ሳካፍል 65 መጣልኝ። በዚህ ላሠራው?»

በዚህ አያሠሩት። ሒሳቡ ሁለት ስሕተቶች አሉት፤ ሁለቱም ማሞቂያውን ከሚያስፈልገው በታች ያሳንሱታል።

የመጀመሪያው አማካዩ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ ልክ እንደገባ ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚስብ ትልቁ ልዩነት በቱቦው አጭር ርቀት ውስጥ ያልቃል፤ አብዛኛው የቱቦ ርዝመት የሚሠራው በጠበበው ልዩነት ነው። ስለዚህ ከትልቁ ልዩነት ትንሹን ይቀንሱና ውጤቱን፣ ትልቁ ለትንሹ ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ያካፍሉት። 100 ለ30 ሲካፈል 3.33፣ የዚህም ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (በካልኩሌተር ln የሚለው) 1.204 ነው፤ 70 ለ1.204 ሲካፈል 58 ገደማ ይሆናል እንጂ 65 አይሆንም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአገራችን ከፍታ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን፣ 1 ባር ላይ 120 ዲግሪ የሚለው ቁጥር የባሕር ወለል ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.81 ባር ያህል ነው፤ ድምሩ 1.81 ባር፣ እንፋሎቱም 117 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ደሴ ላይ ደግሞ ወደ 116 ይወርዳል። ሦስት ዲግሪ ጥቂት ትመስላለች፤ ነገር ግን ልዩነቶቹን 97 እና 27 ስለምታደርጋቸው አማካዩ ወደ 54.7 ዝቅ ይላል።

የሚያስፈልግዎ ሙቀት 163 ኪሎዋት ነው። ቱቦው በካሬ ሜትር በዲግሪ 1,500 ዋት ያስተላልፋል ብለን ሙቀቱን ለ1,500 እና ለአማካዩ ብዜት ስናካፍለው፣ በእርስዎ አማካይ 1.7 ካሬ ሜትር በቂ ይመስላል፤ በትክክለኛው ግን 2 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። በቱቦው ላይ ለሚጋገረው የውኃ ጨው ደግሞ ከዚህ በላይ ይጨምሩ።

እንፋሎቱ ወደ ውኃ ሲለወጥ ሙቀቱ ስለማይቀያየር የፍሰቱ አቅጣጫ አያሳስብዎ። በሙቅ ውኃ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያሞቁ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ማስኬድ ይሻል ነበር፤ በዚያ ጊዜ የሁለቱ ጫፍ ልዩነት እኩል ከመጣ ቀመሩ ዜሮ ለዜሮ ስለሚሆን ያንኑ ልዩነት እንደ አማካይ ይውሰዱት።

ሥራውን ከማዘዝዎ በፊት ግፊቱን ቦይለሩ ላይ ሳይሆን ከመቆጣጠሪያ ቫልቩ በኋላ፣ በማሞቂያው መግቢያ ላይ ይለኩ፤ ቫልቩ ግፊቱን ስለሚቀንሰው 117 ያልነው እዚያ ሲደርስ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል።