ከደመወዙ በፊት የሥራ ሰዓቱን ጠይቂ

ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) እንዳለብሽ ከታወቀ ጀምሮ ክትትል ላይ ነሽ። በአካውንቲንግም ተመርቀሻል። አሁን ሁለት ሥራ አግኝተሻል። አንዱ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ቀንና ሌሊት በሺፍት የሚሠራበት የጥሪ ማዕከል። ሌላው እዚያው ሰፈርሽ አጠገብ ቱሉ ዲምቱ የቀን የሒሳብ ሥራ ነው፤ ደመወዙ ግን ያንሳል። የትኛውን ልያዝ ነው ጥያቄሽ። በዚያ ላይ «ቁጥር ይጠፋብኛል፣ ራስ ምታቱም አይለቀኝም፤ ጭንቅላቴ አልቋል መሰለኝ» ብለሻል።

ጭንቅላትሽ አላለቀም። ውጥረት ለወራት ሲቆይ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ሥርዓቱን ያጣል፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ ትኩረትና ትውስታም አብረው ይዳከማሉ። ባይፖላር ያለበት ሰው ደግሞ ስሜቱ ተረጋግቶም ቢሆን ትኩረት ሊያስቸግረው ይችላል። ስንፍና አይደለም። ለሐኪምሽ ንገሪ፤ መድኃኒቱም ሆነ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ይታይልሽ። ለባይፖላሩ የምትወስጂው መድኃኒት ሊቲየም ከሆነ ለራስ ምታቱ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ። በደምሽ ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን ከፍ ያደርጉታል።

ወደ ምርጫው ስመጣ፣ የቱሉ ዲምቱውን ያዢ። እንቅልፍ ማጣት ማኒያን (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚንርበትን የሕመሙን ደረጃ) ከሚቀሰቅሱ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ሌሊቱን ሠርተሽ፣ ታክሲ ቀያይረሽ ጠዋት ኮዬ ስትደርሺ ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ፤ እላይ ፎቅ ሴራሚክ ይቆረጣል። መቼ ልትተኚ ነው? በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሺፍቱ ይቀየራል። ለመንቃት ቡናው ይደጋገማል፤ አንዳንዱ ጫት ይጀምራል፤ እሱ ለአንቺ ጭራሽ አይሆንም። ባይፖላር ያለባቸው ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስኳር ከሌላው ሰው የበለጠ የተጋለጡ ናቸው። የሌሊት ሥራ ይህንኑ ያባብሰዋል። ቤት ውስጥ የአንቺን ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ጽፈሻል፤ ቀላል አይደለም። ግን ከትልቁ ደመወዝ ላይ የታክሲውንና የምሳውን ቀንሺና እንደገና አወዳድሪ።

ኢንተርቪው ላይ ሕመሜን ልናገር ወይ ላልሽው፣ ራስሽ እንድታነሺው አልመክርሽም። ለክትትል ስትሄጂ «የሐኪም ቀጠሮ አለኝ» ማለት ይበቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ 2 ወር በግማሽ፣ ከዚያ 3 ወር ያለ ክፍያ። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሐኪም ማስረጃሽን እየሰበሰብሽ አስቀምጪ።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ወር መዝጊያ ላይ እስከ ስንት ሰዓት ይመሻል? ሒሳብ ክፍል ማምሸት የተለመደ ነው። አምሽተሽ ከሠራሽ በኋላ ትንሽ ብቻ ተኝተሽ ምንም ድካም ካልተሰማሽ፣ እንዲያውም ጉልበት ከጨመረልሽ፣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ።