ሐይቅን ከሰማይ ለምታነቡ የወሎ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

በደሴና በኮምቦልቻ ተምራችሁ የውኃ ሙያ ከጀመራችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ ከሳተላይት ምስል የሠራችሁትን የሐይቅ ካርታ እየላካችሁ አስተያየቴን ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል። ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ በዚህ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስቆይ የተረዳሁትን በአንድ ደብዳቤ መጻፉን መርጫለሁ።

እኔ ሥራ ስጀምር የሐይቅ ውኃ የሚመረመረው ጀልባ ተከራይቶ፣ ጥቂት ቦታ ላይ ጠርሙስ ሞልቶ፣ ናሙናውን በበረዶ ሣጥን አዲስ አበባ በማድረስ ነበር። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ከተሳካ እንደ ትልቅ ነገር እንቆጥረው ነበር። ዛሬ ሁለት የሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች እየተፈራረቁ በየአምስት ቀኑ በላያችን ያልፋሉ፤ ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች የምስል ክምችትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነፃ ተከፍቷል። እኛ ያላገኘነው ሀብት በእጃችሁ ስለገባ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው።

ሳተላይቱ የሚያየው የውኃውን ቀለም ነው። በአልጌ ውስጥ ያለው ክሎሮፊል የሞገድ ርዝመቱ 665 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ቀይ ብርሃን ይውጣል፤ በ705 ገደማ ግን ብርሃኑ ጎላ ብሎ ይመለሳል፤ ሁለቱን አነጻጽረን የአልጌውን መጠን እንገምታለን። ደለልም ውኃው ቀዩን ብርሃን አብዝቶ እንዲመልስ ስለሚያደርግ ይታወቃል። ናይትሬት፣ ፎስፈረስና በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ግን ሳተላይቱ የሚለየው ቀለም ስለሌላቸው፣ «ውኃው ለመጠጥ ይሆናል» የሚል ቃል ከምስል ብቻ ተነስታችሁ እንዳትጽፉ አደራ እላለሁ። በተጨማሪም ውኃ ጥቁር ነገር ነው፤ በሐይቅ ላይ ሳተላይቱ ከሚቀበለው ብርሃን አብዛኛው የሚመጣው በመካከል ካለው አየር እንጂ ከውኃው አይደለም። ስለዚህ ለየብስ የተሰናዳውን የከባቢ አየር ማስተካከያ በውኃ ላይ አትጠቀሙ፤ ለውኃ ተብለው የተሠሩ እንደ አኮላይት ያሉ ፕሮግራሞች አሉላችሁ።

መጠኑንም አስሉ። ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሴንቲኔል 3 በተባለው ሌላ ሳተላይት የ300 ሜትር ፒክስል (ምስሉ የሚገነባበት አንድ ነጥብ) ሲለካ 250 ያህል ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ በሴንቲኔል 2 የ10 ሜትር ፒክስል ግን 230 ሺህ ይደርሳል። ቦርከናን በዚሁ መንገድ እንከታተል ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ወንዙ ጠባብ ስለሆነ ፒክስሉ ውኃውን ከዳርቻው ጋር ቀላቅሎ ያነባል፣ ለእርሱ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ጊዜ በሎጎ ሰሜን ዳርቻ በኩል ክሎሮፊል እጅግ የበዛበት ረጅም ቀይ መስመር በካርታዬ ላይ አገኘሁና ብክለት ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ቦታው ድረስ ስሄድ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ በጀልባቸው ወስደው አሳዩኝ። መስመሩ ቄጠማና ፊላ፣ ከሥሩም ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የበቀለ ሣር ነበር። «አብሽር ልጄ፣ እኛን ብትጠይቅ ኖሮ እንነግርህ ነበር» አሉኝ። ሪፖርቱን አስተካክዬ ዳግመኛ አቀረብኩ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ያነበቡ ሁሉ ሁለተኛውን አላነበቡትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ከዳርቻው ቢያንስ ሁለት ፒክስል ሳልቆርጥ ካርታ አውጥቼ አላውቅም።

ከሁሉ አብልጬ ልነግራችሁ የምፈልገው የክረምቱን ነገር ነው። ሎጎ ሐይቅ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውን ውኃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ይቀበላል፤ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም፤ ስለዚህ የገባበት አፈርና ማዳበሪያ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ያ አፈር ከተራራው የሚወርደው በዋናነት በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ሲሆን፣ እነዚህ ወራት ደግሞ ደመናው ሳተላይቱን የሚያሳውርባቸው ናቸው። ጥርት ያሉትን ምስሎች ብቻ ሰብስባችሁ «የዓመቱ አማካይ» ስትሉ የምትናገሩት ስለ በጋው ነው፤ ሐይቁ በተጎዳበት ሰሞን አላያችሁትም። የሴንቲኔል 1 ራዳር በደመና ውስጥ አልፎ የውኃውን ስፋት ቢያሳያችሁም ጥራቱን አይነግራችሁም። በበልግም በትንሹ ይኸው ይደገማል። ደመናማውን ቀን ባዶ አድርጋችሁ ተዉት እንጂ ከጎረቤት ቀናት አስልታችሁ አትሙሉት፤ ያ ባዶ ቦታ በራሱ መረጃ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሴኪ ዲስክ በገመድ ወደ ውኃ ወርዶ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይለካል፤ ማንኛውም አጥማጅ በአንድ ጠዋት ይማረዋል፣ በክረምትም ሳያቋርጥ መዝግቦ ሊያቆይላችሁ ይችላል። ለድካሙ ክፈሉት፣ ስሙንም ከሥራችሁ ላይ አስፍሩ፤ ይህን ሳያደርጉ የሰውን መዝገብ የራስ ማስመሰል በሙያችን የተለመደ በደል ሆኗል።

ደመና በሌለበት ቀን ሴንቲኔል 2 በእኛ ሰማይ የሚያልፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:30 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባችሁ ከዚያ ቀደም ብሎ መካከሉ ላይ ይድረስ፤ ናሙናውን በዚያው ሰዓት አካባቢ ውሰዱ፣ ነፋሱንና ማዕበሉን ጻፉ፣ ለክሎሮፊል ልኬት ውኃውን ያጠለላችሁበትን ወረቀት ከብርሃን ሸፍናችሁ በቅዝቃዜ አቆዩት።

ካርታው ሲጠናቀቅ አንድ ቅጂ አትሙና ወደ ሐይቁ ውሰዱት። በላዩ ላይ የምትጽፉት የቦታ ስም አጥማጆቹና የዳር ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠሩበት ይሁን፤ ያን ጊዜ የትኛው ዳር በየትኛው ሳምንት እንደ አረንጓዴ ገንፎ እንደሆነ እነርሱ ራሳቸው እየጠቆሙ ያርሟችኋል፤ እርማታቸውንም እዚያው በእርሳስ ጻፉት።